የጥሩር ስም፣ የሐረግ ሥርዓት፦ «ድዋርፍ ፎርትረስ» በጅቡቲ ልሳናት ሲመዘን

ታርን እና ዛክ አዳምስ የተባሉ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ2006 ለሕዝብ ያቀረቡት «ድዋርፍ ፎርትረስ» የድንክዬዎችን ሰፈር የማቋቋምና የማስተዳደር የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ ተራ የጽሑፍ ፋይል ከፍቶ አዲስ ልብስ ወይም ጥሩር ማከል ይችላል፤ ስሙን በነጠላና በብዙ ቁጥር ይጽፋል፤ የሚሸፍነውን የአካል ክፍልና ከሥር ወይም ከላይ መደረቡን ይወስናል። ነጻነቱ ግን ከቃል አያልፍም፤ ሐረጉን የሚያዋቅረው ጨዋታው ራሱ ነውና።

ጨዋታው እንደ እንግሊዝኛ ቁሱን አስቀድሞ ዕቃውን ያስከትላል። ይህ ሥርዓት በጅቡቲ ከተማ የሚነገሩትን ልሳናት ለሁለት ይከፍላል። አፋርኛና አማርኛ መሪውን ስም በሐረጉ መጨረሻ ስለሚያኖሩ ቅደም ተከተሉን ይቀበሉታል። ቁሱን በስምና በቅጽል ለይቶ መመዝገብ ስለሚፈቀድም «ብረት»ን ለስሙ፣ «የብረት»ን ለቅጽሉ ሰጥቶ «የብረት ጥሩር» ማሰኘት ይቻላል። ሶማሊኛ ግን የብረት ጋሻን «ጋሻን ቢር አህ» ይለዋል፤ መሪው ስም ይቀድማል። ሁለቱ የመንግሥት ቋንቋዎች፣ ፈረንሳይኛና ዓረብኛም፣ እንዲሁ ናቸው።

ፊደሉ ሌላ እንቅፋት ነው። የፋይሎቹ ኮድ 256 ምልክቶችን ብቻ ስለሚይዝ ግእዝም ሆነ ዓረብኛ ፊደል አይገባበትም።

እንግዲህ የጅቡቲው ተጫዋች የአያቱን ጋሻ ወደ ጨዋታው ሊያስገባ ይችላል፤ አያቱ በሚጠሩት መንገድ ሊጠራው ግን አይችልም። የሐረጉን ቅደም ተከተል ለተጫዋቹ የምትተው አንዲት መስመር በፋይሉ ብትጨመር፣ ከብዙ አዳዲስ ልብሶች ይልቅ በጠቀመች ነበር።