በሰሌዳና በሰሌዳ መካከል፦ የራሊን ሥራ ስለ መመዘን

ራሊ በሚባለው የውሻ ታዛዥነት ውድድር ሁለት ጥንዶች፣ ማለትም ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው ከውሻቸው ጋር ሆነው፣ እኩል 100 ነጥብ ይዘው ከሜዳው ሊወጡ ይችላሉ፤ ይሁንና ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ተመልካች አንደኛውን ጥንድ ሲያደንቅ ሁለተኛውን በዝምታ ያሳልፈዋል። ለዚህ ምክንያቱ የነጥብ አሰጣጡ ሥርዓት ነው፤ ማንኛውም ጥንድ በ100 ነጥብ ጀምሮ ባጠፋው ልክ እየተቀነሰበት ስለሚሄድ፣ በመጨረሻ በዳኛው ወረቀት ላይ የሚቀረው ቁጥር ጉድለትን ቆጥሮ ያሳያል፣ የሥራውን ጥራት ግን አይናገርም። ስለዚህ መልካሙን ሥራ ከመናኛው መለየት የሚሻ ሰው ዓይኑን የት እንደሚያሳርፍ አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል።

የውድድሩን አመጣጥ ማወቅ ለዚህ ይረዳል። በአሜሪካ መደበኛው የታዛዥነት ፈተና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1933 ሄለን ኋይትሃውስ ዎከር የተባሉ ፑድል አርቢ በኒው ዮርክ ግዛት በማውንት ኪስኮ ባዘጋጁት ውድድር ሲሆን፣ የውሻ ዘር መዝገብ የሚይዘውና ውድድሮችን የሚያስተዳድረው የአሜሪካ ኬነል ክለብ በ1936 ፈተናውን በይፋ ተቀብሎታል። በዚህ ፈተና እያንዳንዱን እርምጃ የሚያዝዘው ዳኛው ነው፤ የውሻው መሪም ከተፈቀደለት አጭር ትእዛዝ በቀር ድምፁን ማሰማት አይችልም። ራሊን ያፈለቁት ቻርልስ ክሬመር የተባሉ ሰው ግን አርአያ ያደረጉት የመኪና ራሊን ነበር፤ አሽከርካሪው በተሰጠው መመሪያ ከነጥብ ወደ ነጥብ እንደሚጓዝ ሁሉ፣ በዚህም ውድድር ዳኛው «ወደፊት» ብሎ ካስጀመረ በኋላ ጥንዱ በመንገዱ ላይ በተራ ቁጥር የተተከሉትን ሰሌዳዎች እያነበበና በእያንዳንዱ ላይ የተጻፈውን እየፈጸመ ያለ ሌላ ትእዛዝ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። ክለቡ ለዚህ ውድድር ማዕረግ መስጠት የጀመረው በ2005 ነው።

ደረጃዎቹ አምስት ናቸው። ኖቪስ የጀማሪዎች ሲሆን ከ10 እስከ 15 ሰሌዳ አለው፤ ኢንተርሚዲየት ከእርሱ ቀጥሎ ይመጣል፤ በእነዚህ በሁለቱ ውሻው በማሰሪያ ተይዞ ይሠራል። በአድቫንስድ ማሰሪያው ይፈታል፣ የሰሌዳው ቁጥርም ከ12 እስከ 17 ይደርሳል፣ አንድ መሰናክልም ይዘለላል፤ በኤክሰለንት ሰሌዳው ከ15 እስከ 20 ይሆናል፣ ዝላዩም ሁለት ይሆናል፤ ማስተር የሁሉም ቁንጮ ነው። ለማለፍ 70 ነጥብ ይበቃል። እስከ ኤክሰለንት ድረስ ላሉት ማዕረጎች ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ዳኞች ፊት ሦስት ጊዜ ማለፍ ሲጠየቅ፣ ለማስተር ግን 10 ጊዜ ማለፍ ያስፈልጋል። ከውሻው ስም ቀጥሎ የሚጻፈው የኖቪስ ማዕረግ ብቻውን ስለ ሥራው ጥራት ብዙ የማይናገረውም ከዚህ የተነሣ ነው፤ ሦስት ጊዜ 71 ያገኘም ሦስት ጊዜ 100 ያገኘም የሚጽፈው ያንኑ ፊደል ነውና።

ልምድ የሌለው ተመልካች ዘወትር የሚያየው ሰሌዳው አጠገብ የሚሆነውን ነው፦ ውሻው ተቀመጠ ወይስ አልተቀመጠም፣ ተኛ ወይስ አልተኛም። ይህን ዳኛውም ያያል፣ ይቆጥራልም። የሥራው ጥራት በይበልጥ የሚገለጠው ግን በሰሌዳና በሰሌዳ መካከል ባለው ጥቂት እርምጃ ላይ ነው። በዚያ ርቀት ውሻው ሊይዘው የሚገባው ቦታ በተወዳዳሪዎቹ አነጋገር «ሂል» ይባላል፤ ውሻው በሰውየው ግራ ጎን፣ ፊቱን ሰውየው ወደሚሄድበት አቅጣጫ አድርጎ፣ ሳይቀድምም ሳይዘገይም መጓዙን ያመለክታል። ራሊ በዚህ ረገድ ከመደበኛው ፈተና ይልቅ ለቀቅ ያለ ስለሆነ፣ ጥቂት ራቅ ብሎ የሚሄደውን ውሻ ዳኛው ሳይቀጣ ሊያልፈው ይችላል። አዋቂው ተመልካች በዚህ ጊዜ የሚመለከተው የአረማመዱን ወጥነት ነው። ሰጋር በቅሎ መግዛት የሚያውቁ ሰዎች እንስሳዋን ቆማ አይገምቷትም፤ አስኪደው፣ ኮርቻው ላይ ያለው ሰው ይናወጥ እንደሆነ አይተው ነው ዋጋ የሚቆርጡት። የራሊ ውሻም አንዴ እየሮጠ አንዴ እየተጎተተ ሰሌዳው ጋር ሲደርስ ብቻ የሚስተካከል ከሆነ፣ ነጥቡ ሙሉ ቢሆንም ሥራው ያልበሰለ ነው።

በታችኞቹ ደረጃዎች ዋናው ምስክር ማሰሪያው ነው። ደንቡ ማሰሪያው በተወጠረ ቁጥር አንድ ነጥብ ይቀንሳል፤ በተከታታይ የተወጠረ ከሆነም ጥንዱን ከውጤት ውጭ ያደርጋል። በመልካም ሥራ ማሰሪያው ከሰውየው እጅ እስከ ውሻው አንገት እንደ ልብስ መስቀያ ገመድ ረገብ ብሎ ይታያል፣ ከአንገቱ ጋር የሚያያዘው መንጠቆም ቀጥ ብሎ ወደ መሬት ይንጠለጠላል። ሆኖም ማሰሪያው በሁለት መንገድ ሊላላ እንደሚችል መዘንጋት አይገባም። አንዳንዱ ሰው ውሻው ወደ ሄደበት እጁን እየዘረጋና እርምጃውን እያስተካከለ፣ እርሱ ራሱ ተከታይ ሆኖ ማሰሪያውን ያላላል፤ ዳኛው የሚቀጣው ባያገኝም በዚህ ጥንድ መሪው ውሻው ነው። የዚህ ማረጋገጫ ጥንዱ ወደ አድቫንስድ አድጎ ማሰሪያው የተፈታ ዕለት ይገኛል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያከራክረው የድምፅ ነገር ነው። ራሊ መሪው ውሻውን እንዲያናግር፣ እንዲያበረታታና እንዲያመሰግን ይፈቅዳል፤ መንካትን፣ ምግብና መጫወቻ ወደ ሜዳው ይዞ መግባትን ግን ይከለክላል፣ በቁጣ መጮህም ያስቀጣል። በመደበኛው የታዛዥነት ፈተና ያደጉ ሰዎች ይህን ንግግር የድክመት መሸፈኛ አድርገው ያዩታል፤ ትችታቸውም ግማሽ እውነት አለው። መናኛ መሪ የሚናገረው ልመና ነው፤ «ና፣ ና፣ እባክህ ና» የሚለው ጅረት ሳይቋረጥ ስለሚፈስ ውሻው መስማቱን ይተዋል፣ ድምፁም ከአዳራሹ ጫጫታ እንደ አንዱ ይሆንበታል። የበቃ መሪ ንግግር ግን ዜና አለው፦ መታጠፊያው ከመድረሱ አንድ እርምጃ አስቀድሞ አንዲት ቃል ትነገራለች፣ ከመቀመጡ በኋላ አንዲት ምስጋና ትከተላለች፣ በመካከሉ ዝምታ አለ። ተመልካቹ ለጥቂት ሰሌዳዎች ጆሮውን ለድምፁ ብቻ ሰጥቶ፣ የሰውየው ቃል ከውሻው እንቅስቃሴ በፊት ይመጣ ወይስ ከኋላ ይከተል እንደሆነ ቢያስተውል፣ ስለ ጥንዱ ብዙ ይረዳል።

ከድምፁ ቀጥሎ እግር ይታያል፣ ያውም የሰውየው እግር። ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት መሪዎቹ ያለ ውሻ እስከ 10 ደቂቃ ድረስ በሜዳው እየተዘዋወሩ መንገዱን ይቃኛሉ፤ ብዙዎቹ ይህን ጊዜ ሰሌዳዎቹን በቃል ለመያዝ ያውሉታል፣ የበቁት ግን የሚረግጡበትን ቦታ ይመርጣሉ። ለምሳሌ ወደ ቀኝ 270 ዲግሪ መዞር የሚያዝዝ ሰሌዳ አለ፤ በዚህ ዙር ውሻው በውጭ በኩል ስለሚሆን ከሰውየው የሚረዝም መንገድ ይሄዳል፣ ሰውየው በአንድ ቦታ ተሽከርክሮ ከዞረ ውሻው ወደ ኋላ ይቀራል፣ ክቡን አስፍቶ ከዞረ ደግሞ ከሚቀጥለው ሰሌዳ ይርቃል። በኮኖች ዙሪያ የሚሠራው ጥምዝምዝ መንገድም ይህንኑ በሁለት መልኩ ይፈትናል፤ ወደ ቀኝ ሲዞሩ ውሻው ከውጭ ሆኖ መፍጠን፣ ወደ ግራ ሲዞሩ ከውስጥ ሆኖ እርምጃውን መሰብሰብ አለበት። ወደ ግራ በሚታጠፉበት ጊዜ ሰውየው ውሻውን በጉልበቱ ገፍቶ ካለፈ፣ ያ ውሻ የኋላ እግሩን ማንቀሳቀስ አልተማረም ማለት ነው። ውሻ በተፈጥሮው የፊት እግሩን ወደሚፈልግበት ይወስዳል እንጂ የኋላውን በተለይ አያዝዘውም፤ ወደ ጎን መራመድንና በቆሙበት መዞርን የሚጠይቁት ሰሌዳዎች ይህን ትምህርት ስለሚያጋልጡ፣ የቆየ ተመልካች ወንበሩን የሚስበው ወደ እነርሱ ነው።

ሁለት ኮኖችን በ8 ቁጥር ቅርጽ እየዞሩ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ በተቀመጡ የተከደኑ የምግብ ሳህኖች መካከል ማለፍን የሚያዝዘው ሰሌዳ ተመልካችን ሁልጊዜ ያስቃል። ለአዋቂው ግን ቁም ነገሩ ውሻው ማሽተቱ አይደለም፤ ካሸተተ በኋላ ስሙ ሲጠራ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚመለስ ነው።

ስሕተት ሲመጣ የመሪው ማንነት ይገለጣል። በተሳሳተ መንገድ የተፈጸመ ሰሌዳ 10 ነጥብ ያስቀንሳል፤ መሪው ስሕተቱን አይቶ ሰሌዳውን እንደገና ቢሠራው ግን የሚቀነስበት 3 ብቻ ነው። ሒሳቡ ቀላል ይመስላል፣ ነገር ግን ውሻው የተደናገረበትን ነገር ማስደገም የባሰ ሊያደናግረው ስለሚችል፣ መቼ እንደገና መሥራት መቼም አልፎ መሄድ እንደሚሻል ውሻውን የሚያውቅ ሰው ብቻ ይወስናል። ስሕተቱን በለዘበ ድምፅ አርሞ፣ ውሻውም ጅራቱን ሳይጥል በ97 ነጥብ የጨረሰ ጥንድ፣ ውሻው አንገቱን ደፍቶና ጆሮውን አጥፎ 100 ካመጣው ጥንድ ይበልጣል። ጊዜ የሚቆጠረው እኩል ነጥብ ያላቸውን ለመለየት ብቻ ስለሆነም፣ ፍጥነትን እንደ ጥራት መቁጠር ተገቢ አይደለም።

እዚህ ላይ የተመልካቾች አንድ አድልዎ ሊነሣ ይገባዋል። ቦርደር ኮሊን የመሰለ፣ ዓይኑን ከሰው ፊት የማይነቅል የበግ እረኛ ዘር ሜዳ ሲገባ ዓይን ሁሉ ይማረካል፤ አጭር እግር ያለው ባሴት ሃውንድ ግን በራሱ እርምጃ ደስ ብሎት ሲሠራ ሰነፍ ይባላል። ሚዛናዊ ዓይን እያንዳንዱን ውሻ በአካሉ ከሚችለው ጋር ያነጻጽረዋል። ክለቡ ድቅል ውሾችም እንዲወዳደሩ ከ2010 ጀምሮ ስለፈቀደ፣ ዘሩ የማይታወቅ ውሻ በመጀመሪያዎቹ ሰሌዳዎች ላይ አካሄዱ እስኪለይ ድረስ ፍርድን ማዘግየት ያስፈልጋል።

ውድድሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያይ የሚሄድ ሰው ከኖቪስ ይልቅ የኤክሰለንትን ክፍል ቢመርጥ፣ መቀመጫውንም ከመግቢያው ሳይሆን ከጥምዝምዙ አጠገብ ቢያደርግ ይጠቀማል። ተራውን የሚጠብቅ ውሻ ካጋጠመው ግን ባለቤቱን ሳያስፈቅድ እጁን አይዘርጋ።