የዓባይ በረሃ ቁልቁለትና የማርሽ ጥርስ

ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ፣ ጤፍ የጫነ አይሱዙ ስታዩ ከፍሬኑ በፊት ማርሹን አመስግኑ። መንገዱ እስከ ሕዳሴ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ፍሬን ብቻ የሚረግጥ ሾፌር ሸራው ግሎ ይሸተዋል፤ ልምድ ያለው ግን ገና ከአፋፉ ከባድ ማርሽ አስገብቶ መኪናውን በሞተሩ ያስይዘዋል።

የካምቢዮ ጥርሶች ሰያፍ ናቸው፤ አንዱ ሳይለቅ ሌላው ስለሚይዝ ድምፃቸው ለስላሳ ነው። የኋላ ማርሽ ግን በብዙ መኪኖች ጥርሱ ቀጥ ያለ ስለሆነ ያላዝናል። ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ማለዳ የሚሰማው ልቅሶ ይኸው ነው።

እኔ አብልጬ የማደንቀው ዲፈረንሻልን ነው። ሾጣጣ ጥርሶቹ ከሞተር የመጣውን ዙር ወደ ጎን አዙረው ለሁለቱ ጎማዎች ያካፍላሉ። መታጠፊያ ላይ የውጪው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ ስለሚጓዝ፣ እኩል እንዲዞሩ ቢገደዱ አንዱ አስፋልቱን እየፋቀ ይጎተት ነበር። በጭቃ ግን ይኸው ቸርነቱ ጉድ ይሠራል፦ የሰመጠው ጎማ ዙሩን ሁሉ ወስዶ በከንቱ ይሽከረከራል፣ ደረቅ የረገጠው ቆሞ ያያል። በክረምት የጎጃም ገጠር መንገድ ላይ ረዳቱ ድንጋይ ተሸክሞ የሚሮጠው ለዚህ ነው።