ርቀት ብቻውን ምን ይለካል?

በቆሻሻ መጣያ አቅራቢያ መኖር በጤና ላይ ስለሚያስከትለው ጉዳት ሲወሳ፣ በ2001 እ.ኤ.አ. በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የታተመው የፖል ኤሊየትና የባልደረቦቹ ጥናት ደጋግሞ ይጠቀሳል። ጥናቱ በብሪታኒያ ከ8 ሚሊዮን በላይ በሕይወት የተወለዱ ሕፃናትን መረጃ መርምሮ፣ ከመጣያ በ2 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ዝቅተኛ የልደት ክብደት በ5 በመቶ ከፍ ብሎ መገኘቱን ገልጿል። አጥኚዎቹም መንስኤው መጣያው ነው ብለው አልደመደሙም።

የመረጃው ስፋት የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም የተለካው ርቀት እንጂ ተጋላጭነት አይደለም፤ ከመጣያው አጥር ሥር የሚኖረውና 2 ኪሎ ሜትር ገደማ የራቀው እንደ አንድ ተቆጥረዋል። ከሕዝቡ 80 በመቶ የሚሆነው በዚህ ክልል ውስጥ በሚኖርበት አገር፣ የጥቂቶች ከባድ ጉዳት በብዙኃኑ አማካይ ውስጥ ሊሰወር ይችላል።

ስለዚህ ይህን አነስተኛ አኃዝ ለአዲስ አበባው ቆሼ መጽናኛ ማድረግ አይገባም። በቆሼ ሰዎች ከክምሩ ጥግ ጎጆ ቀልሰው፣ ጭሱን እየተነፈሱ፣ ስለታም ብረትና መርፌ በተቀላቀለበት ቆሻሻ ውስጥ በእጃቸው ሲለቅሙ ኖረዋል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ይህን መሰል ሞት የልደት ክብደት ሠንጠረዥ አያሳየውም።

እንግዲህ የሚያስለውን ሕፃን ወይም እጁ የቆሰለውን ለቃሚ ስንመረምር፣ የመኖሪያ ሰፈሩን ብቻ ሳይሆን የቤተሰቡን ሥራና ከቆሻሻው ጋር ያለውን ንክኪ ጠይቀን በካርዱ ላይ እንመዝግብ። ያልተመዘገበ ጉዳት እንዳልደረሰ ይቆጠራልና።