መሣሪያው ሲቀየር ያልተቀየረው ዓይን

ሌሊት ነው፤ ዝናቡ ያወርደዋል። ኤሌክትሪክ የተቋረጠበት አጥር ተበጣጥሶ ቲራኖሳውረሱ ወደ መንገዱ ይወጣል፤ በቆሙት ሁለት መኪኖች መካከል ገብቶ ያገሳል። የ“ጁራሲክ ፓርክ”ን ይህን ትዕይንት ብዙ ሰው የሚያስታውሰው በጥርሱና በድምፁ ነው። ፊልሙን እያቆመ፣ ወደ ኋላ እየመለሰ የሚያይ ሰው ግን ሌላ ነገር ያገኛል። እግሩ መሬት ሲነካ የጭኑ ሥጋ ጥቂት ዘግይቶ ይርገበገባል። ጭንቅላቱ ወደ አንድ ወገን ሲዞር ጅራቱ ሚዛን ለመጠበቅ ወደ ሌላው ይሄዳል። የረጠበው ቆዳ የሚያብረቀርቀው ብርሃኑ በሚመጣበት በኩል ብቻ ነው፤ የቀረውን አካል ጨለማው ይውጠዋል። ሠሪዎቹ ሁሉንም ለማሳየት አልጓጉም።

ያ ሙሉ ቁመናው የሚታየው እንስሳ ከካሜራው ፊት ቆሞ አያውቅም፤ የተሠራው በኮምፒውተር ነው። ሥራውን የመራው ዴኒስ ሙረን የሚባል የቪዥዋል ኢፌክት ሱፐርቫይዘር ሲሆን በዚህ ዘርፍ ስምንት ኦስካር ተቀብሏል። ሽልማቱን ለመቁጠር አይደለም የማነሳው። የሙረን የሥራ ዘመን ከአሻንጉሊትና ከቀለም ተነሥቶ እስከ ኮምፒውተር ስለሚዘልቅ፣ የሙያው መሣሪያ ሁሉ ሲቀየር ሳይቀየር የሚቀረው ምን እንደሆነ ለማየት ከእሱ የተሻለ ሰው ስለማላውቅ ነው።

የሱፐርቫይዘር ሥራ ከውጭ ሲታይ ግልጽ አይደለም። ዳይሬክተሩ የሚፈልገውን ይነግረዋል፤ እያንዳንዱ ምስል በምን ዘዴ እንደሚሠራ የሚወስነው ግን እሱ ነው። ቀረጻው ቦታ ላይ ተገኝቶ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ፣ ካሜራው በምን ከፍታ እንደቆመ ይይዛል። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ባለሙያዎቹ የሠሩትን በየጊዜው እያየ “ይኼ አልከበደም”፣ “ይኼ ፈጠነ”፣ “ይኼ በቃ” ይላል። በእጁ የሠራው ነገር በስክሪኑ ላይ ላይኖር ይችላል፤ ዓይኑ ግን በእያንዳንዱ ፍሬም ላይ አለ።

ሙረን በ1946 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ግሌንዴል ተወለደ። ገና ተማሪ ሳለ ከጓደኞቹ ጋር በ6,500 ዶላር ገደማ “ኢኩዊኖክስ” የተባለ የጭራቅ ፊልም ሠራ፤ ፊልሙ በኋላ ተስፋፍቶ በ1970 ለሲኒማ በቃ። ጆርጅ ሉካስ ለ“ስታር ዎርስ” ባቋቋመው ኢንዱስትሪያል ላይት ኤንድ ማጂክ ውስጥ የገባው በካሜራ ባለሙያነት ነው። ይህ መነሻ ትልቅ ትርጉም አለው፤ ከዚያ በኋላ የነካው ሁሉ መጀመሪያ የብርሃን ጥያቄ ሆኖ ነው የቀረበለት።

በ1980 የወጣውን “ዘ ኢምፓየር ስትራይክስ ባክ” እንመልከት። በበረዶ ሜዳ ላይ ባለ አራት እግር የጦር ማሽኖች እየተራመዱ ይመጣሉ። ማሽኖቹ ትናንሽ ሞዴሎች ናቸው፤ ባለሙያ በእጁ ጥቂት ያነቃንቃቸውና አንድ ፍሬም ይቀረጻል፤ እንደገና ያነቃንቅና ሌላ ፍሬም ይቀረጻል፤ ለአንድ ሴኮንድ 24 ጊዜ። በዘመኑ የተለመደው ሞዴሉን በሰማያዊ መጋረጃ ፊት ቀርጾ በኋላ ከበረዶው ምስል ጋር ማዋሐድ ነበር። ችግሩ በነጭ መደብ ላይ የመገጣጠሚያው ጥቁር መስመር ወዲያው መታየቱ ነው። ስለዚህ መጋረጃው ተተወ፤ ማይክ ፓንግራዚዮ በሣለው ሰማይና ተራራ ፊት መድረክ ተሠርቶ ቤኪንግ ሶዳ እንደ በረዶ ተነሰነሰበት፤ ሁሉም በአንድ ብርሃን፣ በአንድ ካሜራ ተቀረጸ። ፊል ቲፐትና ጆን በርግ ከመድረኩ ወለል በተከፈቱ ቀዳዳዎች ብቅ እያሉ ሞዴሎቹን ያንቀሳቅሱ ነበር፤ አረማመዱን ያጠኑትም ከዝሆን ነው። ዛሬ ያን ትዕይንት ሳየው ዓይኔ የሚሰናከልበት ስፌት አያገኝም፤ ብርሃኑ የተቀረጸው ከሞዴሉ ጋር አንድ ላይ ነውና።

ይሁን እንጂ ይህ ዘዴ አንድ ነገር ይጎድለው ነበር። ሕያው ነገር ሲሮጥ የካሜራው መዝጊያ ክፍት በሚሆንባት ቅጽበት ውስጥም እየተንቀሳቀሰ ስለሆነ በፍሬሙ ላይ ጥቂት ብዥ ይላል። አሻንጉሊቱ ግን ሲቀረጽ ቆሟልና እያንዳንዱ ፍሬም ጥርት ብሎ ይወጣል፤ በተከታታይ ሲታይ ይንገጫገጫል። በ1981ዱ “ድራጎንስሌየር” ሙረን፣ ቲፐትና ባልደረቦቻቸው የዘንዶውን አካል በሞተር ከሚነዱ ዘንጎች ጋር አያያዙት፤ ኮምፒውተር ሞተሮቹን እየመራ፣ መዝጊያው ክፍት ሳለ ዘንዶው ይንቀሳቀሳል። ያቺ ትንሽ ብዥታ ስትጨመር ዘንዶው ጡንቻ ያገኘ ይመስላል። ጥራትን ለማግኘት ጥራትን ቀንሰዋል፤ እንዲህ ያለውን ውሳኔ የሚወስነው ዓለምን በትክክል ያየ ሰው ብቻ ነው።

በ1984ቱ “ኢንዲያና ጆንስ ኤንድ ዘ ቴምፕል ኦፍ ዱም” ደግሞ የማዕድን ጋሪዎቹ በዋሻ ውስጥ የሚሽቀዳደሙበት ትዕይንት አለ። የተለመደው የኢፌክት ካሜራ ግዙፍ ስለነበር ዋሻውም በዚያው መጠን ትልቅ ሆኖ መሠራት ነበረበት። የሙረን ቡድን ግን አንድ የኒኮን ፎቶ ካሜራ አሻሽሎ በትንሹ ሐዲድ ላይ እንዲሄድ አደረገ፤ ካሜራው ሲያንስ ዋሻውም አነሰ። ግድግዳው የተጨማደደና የተቀባ የአሉሚኒየም ፎይል ነበር። ጋሪው ሲያልፍ ግን ዓይን የሚያየው እርጥብ ድንጋይ ነው።

በ1989 “ዘ አቢስ” ወጣ። ከባሕር ወለል ተነሥቶ የሰው ፊት የሚመስለው የውኃ ክንድ በኮምፒውተር የተሠራ ሲሆን በፊልሙ ውስጥ 75 ሴኮንድ ያህል ብቻ ይታያል። ከዚህ በኋላ ሙረን ያደረገውን ነገር ከሥራዎቹ ሁሉ አስበልጬ አከብረዋለሁ። በሙያው አናት ላይ የነበረ፣ ከ40 ዓመት ያለፈ ሰው ከሥራ ለአንድ ዓመት ያህል ፈቃድ ወስዶ ወፍራም የኮምፒውተር ግራፊክስ መማሪያ መጽሐፍ ይዞ ካፌ ተቀመጠ። የሚያዛቸው ወጣቶች የሚያውቁትን እሱ ካላወቀ “ይኼ በቃ” ሊል እንደማይችል ገብቶታል። ሲመለስ በ1991 “ተርሚኔተር 2”ን፣ ፈሳሽ ብረት የሚሆነውን ሰው ሠራ።

ቀጥሎ የመጣው “ጁራሲክ ፓርክ” ነው። ስቲቨን ስፒልበርግ ሙሉ አካላቸው ለሚታየው ዳይኖሰሮች መጀመሪያ ያሰበው የቲፐትን ተንቀሳቃሽ አሻንጉሊቶች ነበር። ስቲቭ ዊሊያምስና ማርክ ዲፔ በኮምፒውተር የሚራመድ የቲራኖሳውረስ አፅም ሲያሳዩ ዕቅዱ ተቀየረ። ቲፐት ሙያው ያበቃለት መስሎት ነበር፤ ግን አልተሰናበተም። እንስሳ ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እንዴት እንደሚያሻግር የሚያውቀው እሱ ነበርና የዳይኖሰሮቹን እንቅስቃሴ እንዲመራ ተደረገ። መገጣጠሚያዎቹ ላይ መለኪያ የተገጠመለት የብረት አፅምም ተሠራ፤ አሮጌውን ጥበብ የሚያውቁ ባለሙያዎች አፅሙን በእጃቸው ሲያንቀሳቅሱ የኮምፒውተሩ ዳይኖሰር አብሮ ይንቀሳቀሳል።

የፊልሙ ቁጥብነትም ከጥበቡ ይቆጠራል። በ127 ደቂቃ ፊልም ውስጥ ዳይኖሰር የሚታየው ለ15 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ከዚያ ውስጥ የኮምፒውተሩ ድርሻ 6 ደቂቃ ያህል ነው። አፍንጫው ወደ መኪናው መስኮት ሲጠጋ የምናየው ስታን ዊንስተን የሠራውን 12 ሜትር ገደማ የሚረዝም ማሽን ነው፤ ሙሉ አካሉ ሲራመድ የኮምፒውተሩ ምስል ይተካዋል። በአንድ ትዕይንት ውስጥ ተራ በተራ ይፈራረቃሉ፤ የጎማው ቆዳና የኮምፒውተሩ ቆዳ በአንድ ዝናብ የረጠቡ ይመስላሉ። የሱፐርቫይዘር ሙያ ዋናው ፈተና ይህ መገናኛ ነው፤ የትኛው የት ጋ እንደሚበቃና የት ጋ ለሌላው መልቀቅ እንዳለበት ማወቅ።

በ1994 ለዚህ ሥራ የተሰጠውን ኦስካር አራት ሰዎች ተቀበሉ፦ የኮምፒውተሩን ምስል የመራው ሙረን፣ ግዙፎቹን ማሽኖች የሠራው ዊንስተን፣ ከአሻንጉሊት ዘመን የመጣው ቲፐት፣ በቀረጻው ቦታ በአካል የሚሰበረውንና የሚገለበጠውን ያዘጋጀው ማይክል ላንቲየሪ። ፊልሙ የኮምፒውተር ድል ተብሎ ሲወራ ቢኖርም የተሸላሚዎቹ ስም ዝርዝር ሒሳቡን በትክክል አስቀምጦታል። አዲሱ መሣሪያ ያሸነፈው ክብደትን፣ ብርሃንንና ብዥታን በእጃቸው ለዓመታት ካጠኑ ሰዎች ጋር አብሮ ስለሠራ ነው። ዛሬ ይህን ሙያ ለመያዝ ሶፍትዌር የሚማር ወጣትም፣ ከፕሮግራሙ ትእዛዛት እኩል፣ ዝሆን እንዴት እንደሚራመድ ቆሞ ማየት ይኖርበታል።