ስለ ባለ ሳይድካር ሞተር ብስክሌት ተለማማጆች ደንብ
እ.ኤ.አ. በ1968 በቪየና የተፈረመው የመንገድ ትራፊክ ስምምነት፥ ሳይድካር ያለውንና የሌለውን ሞተር ብስክሌት በአንድ ስም ይጠራል። እንግሊዞችም እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ ተለማማጅ ከ250 ሲ.ሲ. በላይ እንዳይነዳ ሲከለክሉ፥ ሳይድካር ለተገጠመለት ወሰኑን አንሥተውለት ነበር። የሁለቱም ሐሳብ፥ ሦስተኛ እግር ካለ አደጋው ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም የሚል ይመስላል። እኛ ግን ይህን አንቀበለውም።

ሳይድካር ያለው ሞተር ሲታጠፍ አይዘምም፤ እንደ መኪና በመሪው ብቻ ይዞራል። ነዳጅ ሲሰጡት ወደ ሳይድካሩ፥ ፍሬን ሲይዙት ወደ ተቃራኒው ይስባል። አገራችን ከሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ ስለምትነዳ የሳይድካሩ ቦታ በቀኝ ነው፤ ስለዚህ ባዶውን በፍጥነት ወደ ቀኝ ቢያጥፉት የሳይድካሩ እግር ከመሬት ይነሣል።

ለምሳሌ፥ በባለ ሁለት እግር ብቻ ተፈትኖ ያለፈ ጀማሪ ከእህል በረንዳ አንድ ኩንታል ጤፍ በሳይድካር ቢጭን፥ አራግፎ ሲመለስ የሚይዘው ጠባዩ የተለወጠ ሞተር ነው። የስሕተቱንም ዋጋ ጆንያ ተሸክሞ በመንገዱ ዳር የሚያልፈው ሰው ይከፍላል። ስለዚህ ልምምዱም ፈተናውም ሳይድካሩ እንደ ተገጠመ፥ አንድ ጊዜ ባዶውን፥ አንድ ጊዜም ተጭኖ ሊሆን ይገባል እንላለን።