የጤና ኬላ ታብሌት ፍተሻ

የአጠቃቀም ፍተሻ ማለት አንድ መተግበሪያ ወይም ድረ ገጽ በታሰበለት ሰው እጅ ሲገባ ሥራ ያቀልል ወይም ያከብድ እንደሆነ አጠገብ ቁጭ ብሎ ማየት ነው። የሚፈተሸው ዕቃው እንጂ ባለሙያው አይደለም። ይህ ከመነሻው በግልጽ ካልተነገረ የጤና ባለሙያ ነገሩን ከብቃት ምዘና ይቆጥረውና ስህተቱን ይደብቃል፤ የሚፈለገው ደግሞ ያው ስህተት ነው።

በኢትዮጵያ ሁነኛው ምሳሌ ኢቺስ የሚባለው የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ የየቤቱ መረጃ ለዓመታት በወረቀት የቤተሰብ ማህደር ተይዟል። ኢቺስ ይህንኑ ወደ ታብሌት አመጣው። የተሠራው ኮምኬር በሚባል የሞባይል መረጃ መሰብሰቢያ ሶፍትዌር ላይ ሲሆን ያለ ኢንተርኔት መዝግቦ ኔትወርክ ሲገኝ ይልካል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ፍተሻው የት ይካሄድ የሚለው ነው። ለምሳሌ በምሥራቅ ጎጃም የአዋበል ወረዳ መቀመጫ ሉማሜ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ስለሆነች ባለሙያዎቹን ከየቀበሌው ጠርቶ ከተማው ውስጥ አዳራሽ ማስቀመጥ ይቀላል። ውጤቱ ግን አዳራሹን እንጂ ጤና ኬላውን አያሳይም። ጤና ኬላው ውስጥ ልጅ የሚያስከትቡ እናቶች በር ላይ ይጠብቃሉ፣ አንዱ ሕፃን ያለቅሳል፣ የታብሌቱ ባትሪም ሊያልቅ ደርሷል። ፈታሹ ክረምት ቢሆንም ጭቃውን ተሻግሮ እዚያው መሄድ አለበት።

ሥራው የሚሰጠው በታካሚ ታሪክ እንጂ በቁልፍ ስም አይደለም። «የእርግዝና ክትትል የሚለውን ይክፈቱ» ከተባለ መልሱ ተነገረ ማለት ነው። «የመጨረሻ የወር አበባዋን ጥር 15 ያየች ነፍሰ ጡር መጥታለች» ቢባል ግን የሚታይ ነገር ይኖራል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የመውለጃ ቀን የሚገኘው 9 ወር ከ10 ቀን በመጨመር ነው። መሐል ላይ ጳጉሜን ካለች 10ሩ 5 ይሆናል፤ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ 4። ስለዚህ ጳጉሜን 5 ከሆነች የሴትዮዋ ቀን ጥቅምት 20 ነው። አንድ መተግበሪያ ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ከጠየቀ ባለሙያዋ ግድግዳው ላይ ወዳለው ካላንደር ዞር ትላለች። ማስታወሻ ላይ መግባት ያለበት ይህ መዞር ነው። «የቀን ችግር አለ» ብሎ መጻፍ ለፕሮግራም ሠሪው ምንም አይነግረውም።

ስም ፍለጋም እንዲሁ በዓይን ይታያል። ኃይሌ በሀ፣ በሐ ወይም በኃ ሊጻፍ ይችላል። የመተግበሪያው መፈለጊያ ሦስቱን እንደ አንድ ካልቆጠረ የመጣው ሰው «የለም» ይባልና እንደ አዲስ ይመዘገባል። አንድ ልጅ በሁለት ማህደር ሲገባ ደግሞ አንደኛው ክትባት እንደተጓደለ ሆኖ ይቀራል።

ስንት ሰው ይበቃል? የአጠቃቀም ፍተሻ ባለሙያው ያኮብ ኒልሰን በ2000 እ.ኤ.አ. 5 ሰው አብዛኛውን ችግር ያወጣል ብሎ ጽፏል፤ አሳቡም እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ግን 5ቱ አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ መሆን አለባቸው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ የጤና ጣቢያ አዋላጅና የወረዳ መረጃ ባለሙያ አንድ ላይ ተደምረው 5 ቢሆኑ ቁጥሩ ትርጉም የለውም።

ከፍተሻው በኋላ የሚሞላ መጠይቅም አለ። የታወቀው ጆን ብሩክ በ1986 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀው ባለ 10 ዐረፍተ ነገር መለኪያ ነው፤ ከ100 ይታሰባል፣ አማካዩም 68 አካባቢ ነው። ከደብረ ማርቆስ ወይም ከአዲስ አበባ ድረስ ለመጣ እንግዳ ፊት ለፊት «ዕቃህ አይረባም» የሚል ግን ጥቂት ነው፤ ይሉኝታ ውጤቱን ከፍ ያደርገዋል። ከመጠይቁ ይልቅ የወረቀት መዝገቡን ማየት ይሻላል። ታብሌቱ ከገባ ከወራት በኋላም ባለሙያዋ አስቀድማ በወረቀት ጽፋ ማታ ወደ ታብሌቱ የምትገለብጥ ከሆነ ሥርዓቱ ሥራ አላቀለለም፤ ደረበ እንጂ።

ያለ ኔትወርክ መፈተሽም አይታለፍም። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። ስለዚህ ፈታሹ ዳታውን ያጠፋል፣ ጥቂት ቤተሰቦች ያስመዘግባል፣ ታብሌቱን ዘግቶ ይከፍታል፣ መዝገቡ እንዳለ ያያል። ኔትወርክ ሲመለስም የተላከውና ያልተላከው ለባለሙያዋ ተለይቶ መታየቱን ይመለከታል።

ሪፖርቱ ችግሮቹን በጉዳታቸው ያሰልፋል፤ የተሳሳተ የመውለጃ ቀን ከማያምር ቀለም ይቀድማል። እርማቱ ከገባ በኋላ ያው የታካሚ ታሪክ ታብሌቱን ላላዩ ሌሎች ባለሙያዎች ይሰጣል።