«አንጸባራቂ ሸካራነት»፦ በአንድ የስያሜ ዝርዝር ላይ የቀረበ ሒስ

ለቪዲዮ ጨዋታ ገጸ ባሕርያት የሚያብረቀርቅ የከንፈር ቀለም በምስል ማበጃ ፕሮግራም እንዴት እንደሚዘጋጅ የሚያስረዳ መመሪያ ወደ አማርኛ ለመመለስ የተነሡ ተርጓሚዎች፣ ያሰናዱትን የስያሜ ዝርዝር ለአስተያየት ልከውልኛል። ርእሰ ጉዳዩ የጨዋታ ነገር ነው ብሎ የሚንቀው አንባቢ ይኖር ይሆናል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውን «ዘ ሲምስ 4»ን የመሳሰሉ ጨዋታዎች፣ ተጫዋቹ በፎቶሾፕ ወይም በጊምፕ የሠራውን ኩልና የከንፈር ቀለም በገጸ ባሕርዩ ፊት ላይ እንዲያውል ስለሚያስችሉት፣ ለወጣቱ የኮምፒዩተር ሥዕል ሙያ መግቢያ በር ሊሆኑ ይችላሉ። በበሩ ላይ የተጻፈው ስያሜ ካሳሳተው፣ ጥፋቱ ከቃል አልፎ ከሥራው ይደርሳል።

በዝርዝሩ ራስ ላይ «ቴክስቸር» «ሸካራነት» ተብሏል። የጨርቅን ወይም የድንጋይን ገጽ በእጅ ዳስሶ ለመናገር ሲሆን ቃሉ ያስኬድ ይሆናል። እዚህ ግን የሚዳሰስ ነገር የለም። ኤድዊን ካትመል እ.ኤ.አ. በ1974 ለዩታ ዩኒቨርሲቲ ካቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ወዲህ፣ ቃሉ በዚህ ሙያ የሚያመለክተው በሦስት ልኬት በተቀረጸ አካል ላይ የሚለበሰውን ጠፍጣፋ ምስል ነው። ይህ ባለመጤኑ ተርጓሚዎቹ «አንጸባራቂ ሸካራነት» እስከ ማለት ደርሰዋል፤ የሚያንጸባርቅ ገጽ ልሙጥ እንጂ ሻካራ ስላልሆነ ሐረጉ ራሱን በራሱ ያፈርሳል። በበኩሌ «ልባጥ» የሚለውን አቀርባለሁ። «ለበጠ» ማለት በአንድ ነገር ላይ ሌላ ስስ ነገር አለበሰ ማለት ነውና፣ የወርቅ ልባጥ እንደምንል የከንፈር ልባጥ ብንል ግሡም አብሮ ይገኝልናል። «ለበጣ» ከሚለው የፌዝ ቃል ጋር መቀራረቡን የሚነቅፉ ቢኖሩ፣ ዐውዱ ይለያቸዋል።

ሁለተኛው ስሕተት ከዚህም የከፋ ነው። «ኦፓሲቲ» «ግልጽነት» ተብሎ ተተርጉሟል፤ ይህ ግን ተቃራኒው ነው። መጠኑ 100 ከመቶ ሲሆን ቀለሙ ከሥሩ ያለውን ቆዳ ፈጽሞ ይሸፍናል፤ 0 ሲሆን ጨርሶ አይታይም። «ግልጽነቱን ወደ 20 አውርድ» የተባለ ተማሪ፣ ቀለሙን አጠነከርኩ ብሎ ያጠፋዋል። ቀለም ቀቢዎቻችን «ይህ ቀለም ይሸፍናል፣ ያ አይሸፍንም» ሲሉ እንሰማለንና «የመሸፈን መጠን» ማለት ይበቃ ነበር።

ሦስተኛው ለ«ግሎስ» የተሰጠው «አብረቅራቂነት» ነው። ስሕተት ባይሆንም እሩቅ ነው፤ ብርጭቆም፣ ቆርቆሮም ያብረቀርቃል። የሕያው ገጽ እርጥበትና ቅባት ያለው ብርሃን ግን በአማርኛ «ወዝ» ይባላል፤ «ፊቷ ወዛ»፣ «ወዛም»፣ «ወዘና» የሚሉት ሁሉ ከዚሁ ይመዘዛሉ። ቃሉ የላብ ትዝታ አለው የሚለው መቃወሚያ አይጠፋም። እውነት ነው፤ በአብዮቱ ዘመን የተስፋፋው «ወዝ አደር» የተመሠረተው በዚያኛው ትርጉም ላይ ነው። ሆኖም አንድ ሥር ለሠራተኛው ድካምም ለፊት ውበትም ማገልገሉ የቃሉን ብርታት እንጂ ድክመቱን አያሳይም።

የዝርዝሩ ዋና ጉድለት ግን ሁለት ዓይነት ወዝ መኖሩን አለመለየቱ ነው። አንደኛው በታችኛው ከንፈር መካከል ነጭ ጠብታ ተስሎ፣ ዳሩ ተደብዝዞ የሚገኘው ነው፤ ገጸ ባሕርዩ አንገቱን ቢያዞር፣ መብራቱም ቢቀየር ከቦታው አይነቃነቅም። ሁለተኛውን ኮምፒዩተሩ ከመብራቱና ከተመልካቹ አቅጣጫ እያሰላ ያወጣዋል፤ ለዚህ የታወቀውን ቀመር ቡይ ቱዎንግ ፎንግ እ.ኤ.አ. በ1975 አሳትሟል። የትኛው የገጽ ክፍል ምን ያህል እንደሚወዛ የሚነግረው «ስፔኩላር ማፕ» በዝርዝሩ «የብርሃን ካርታ» ተብሏል፤ ይህ ግን በዚያው ሙያ ለሌላ ነገር የሚያገለግል ስም ነው። «የወዝ ካርታ» ቢባል አያሻማም። ሁለቱን ወዞች «የተሳለ» እና «የተሰላ» ብሎ መለየት ጆሮን ቢያስደስትም፣ በሁለት አናባቢዎች ብቻ የሚለያዩ ስያሜዎች ለማተሚያ ስሕተት የተጋለጡ ናቸው። ስለዚህ «ሥዕላዊ ወዝ» እና «ስሌታዊ ወዝ» ይሻላሉ።

ዝርዝሩ የሚመሰገንበትም አለው። እ.ኤ.አ. በ1994 ከፎቶሾፕ 3.0 ጋር የመጣውን «ሌየር» «ንጣፍ» ማለታቸው ሥራውን ያዩ ሰዎች አሰያየም ነው፤ ይቈጠራል፣ ይነጠፋል፣ ይነሣል። «አልፋ»ንም እንዳለ መተዋቸው ተገቢ ነው፤ ለፊደል ስም ትርጉም መፈለግ ከንቱ ድካም ነውና።

በጠቅላላው፣ ተርጓሚዎቹ ለየቃሉ አቻ ሲፈልጉ ሥራውን ራሱን አላዩም። ከመተርጐማቸው በፊት አንድ ከንፈር እንዲያወዙ እመክራለሁ። ይህ ሳይሆን ዝርዝሩ ቢታተም፣ ተማሪው ሁለት ጊዜ ተሳስቶ በሦስተኛው ወደ እንግሊዝኛው መመሪያ ይመለሳል፤ ያን ጊዜም አማርኛው ሳይሞከር እንደ ወደቀ ይቈጠራል።